የባለሸራ ጀልባ ሽንት ቤት ፍሳሽ ማጠራቀሚያ፦ አመራረጡና አገጣጠሙ

አብዛኛው ሰው ታንከር ገዝቶ ነው የሚጀምረው። ባለ60 ሊትሩ አልጋ ሥር ከገባ ቀሪው ቱቦና ማያያዣ ብቻ ይመስላል። ሽታውን፣ መዘጋቱን፣ ሲብስም ጀልባው ውሃ ሞልቶት መስጠሙን የሚያመጣው ግን ያ «ቀሪው» የተባለው ነው፤ ታንከሩ ራሱ እምብዛም አያስቸግርም። ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ፍሳሹ ከመቀመጫው ተነሥቶ ከጀልባው እስኪወጣ የሚሄድበትን መንገድ ወረቀት ላይ ሳሉ። የት ይወጣል? የት ይወርዳል? የት ቆሞ ይቀራል? ስንት ሜትር ይጓዛል? የውስጥ ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ በእያንዳንዱ ሜትር 1.1 ሊትር ያህል ይይዛል። ይህችን ቁጥር ያዟት፤ በኋላ ትፈለጋለች።

1. የምትጓዙበት ውሃ ምን ይፈቅዳል?

ማርፖል የሚባለው ዓለም አቀፍ የመርከብ ብክለት ስምምነት አራተኛ አባሪው ስለ ሽንት ቤት ፍሳሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራ ላይ ውሏል። የሚመለከተው ግን 400 ቶንና ከዚያ በላይ የሆኑትን፣ ወይም ከ15 ሰው በላይ እንዲጭኑ የተፈቀደላቸውን መርከቦች ስለሆነ ተራ ባለሸራ ጀልባ በቀጥታ አይገባበትም። ቁጥሮቹን ማወቅ ግን ይጠቅማል፤ የተፈጨና በመድኃኒት የተመታ ፍሳሽ ከ3 የባሕር ማይል በላይ ርቆ፣ ያልታከመ ፍሳሽ ደግሞ ከ12 የባሕር ማይል በላይ ርቆ ነው የሚለቀቀው።

ትንንሽ ጀልባን የሚይዘው የየአገሩ ሕግ ነው። በአሜሪካ ያልታከመ ፍሳሽ ከባሕር ዳርቻ 3 የባሕር ማይል ሳይርቁ መልቀቅ ክልክል ነው፤ ምንም ዓይነት ፍሳሽ፣ የታከመም ቢሆን፣ የማይለቀቅባቸው የተከለሉ ውሃዎችም አሉ። እዚያ ሲገቡ ወደ ውጭ የሚወስደው ቫልቭ ተዘግቶ መታሰር አለበት፤ ቁልፍ ይደረግበታል፣ ወይም ካልተቆረጠ በማይፈታ የፕላስቲክ ማሰሪያ ይታሰራል፣ ወይም እጀታው ይነቀላል። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. የ2013 የመዝናኛ ጀልባዎች መመሪያ ደግሞ ጀልባ ላይ የሚገጠም ሽንት ቤት ከማጠራቀሚያ ወይም ከማከሚያ ጋር ብቻ እንዲገናኝ፣ ማጠራቀሚያ ያለው ጀልባም መደበኛ የመምጠጫ አፍ እንዲኖረው ያዝዛል። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ የመዝናኛ ጀልባዎችን ፍሳሽ ከልክላለች።

ይህ ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ይወርዳል፦ ፍሳሹን በሕጋዊ መንገድ ባሕር ላይ የምትለቁበት ጉዞ አላችሁ ወይ? ከሐይቅ ወይም ከባሕር ወሽመጥ የማትወጡ ከሆነ ወደ ውጭ የሚለቅ ቀዳዳ፣ ቫልቭና ፓምፕ ገንዘብ ማባከን ነው። ማሪና (የመዝናኛ ጀልባዎች ወደብ) ላይ በማሽን የሚመጠጥበት አንድ አፍ ይበቃችኋል። ከውሃ በታች አንድ ቀዳዳ በቀነሳችሁ ቁጥር የመስጠሚያ ምክንያትም አንድ ይቀንሳል።

2. ሊትሩን አስሉ

የሽንት ቤታችሁ የእጅ ፓምፕ በአንድ ምት ስንት ውሃ እንደሚስብ ሳታውቁ የሚደረግ ስሌት ግምት ነው። የባሕሩን ቫልቭ (ቱቦው ከጀልባው ውጭ ካለው ውሃ ጋር የሚገናኝበትን መዝጊያ) ዝጉና 19 ሚሊ ሜትሩን የውሃ መግቢያ ቱቦ ፈትታችሁ ንጹሕ ውሃ በሞላው ባለ10 ሊትር ባልዲ ውስጥ ክተቱት። አሥር ጊዜ ምቱ፤ ከባልዲው የጎደለውን ለአሥር አካፍሉ።

አንድ ሰው በቀን ስድስት ጊዜ ያህል ይገባል፤ አምስቱ ለሽንት፣ አንዱ ለሰገራ ነው። ለሽንት ከነማጠቢያው 2 ሊትር፣ ለሰገራ 5 ሊትር ብትይዙ በሰው በቀን 15 ሊትር ይመጣል። ሁለት ሰው ለሦስት ቀን 90 ሊትር ያስፈልገዋል ማለት ነው። አራት ሰው ከሆነ ያው 90 ሊትር በአንድ ቀን ተኩል ያልቃል። ታንከሩን ከሦስት አራተኛው በላይ እንደማትሞሉት አድርጋችሁ አስሉ፤ ጀልባው ሲያጋድል ፈሳሹ ወደ አንድ ጎን ተሰብስቦ መተንፈሻው ላይ ይደርሳልና። በዚህ ስሌት 90 ሊትር የሚፈልግ ሰው የሚገዛው ባለ120 ሊትሩን ነው።

ቁጥሩ አስደንጋጭ ከሆነባችሁ ትልቅ ታንከር ከመፈለግ በፊት ማጠቢያ ውሃውን መቀነስ ይቻላል፤ ግን ያችን 1.1 ሊትር አስታውሱ። ቱቦው 3 ሜትር ከሆነ ውስጡ 3.3 ሊትር ይቀመጣል። 2 ሊትር ብቻ ስትመቱ ሽንቱ ታንከር አልገባም፤ ቱቦው ወገብ ላይ ቆሞ ቀርቷል። እዚያው ይሸታል፣ እዚያው ጠጥሮ ድንጋይ ይሠራል። አንድ ሜትር ቱቦ ግን በ2 ሊትር በደንብ ይታጠባል። ስለዚህ ውሃ ለመቆጠብ መጀመሪያ ቱቦውን አሳጥሩ።

3. ጀልባው ሲያጋድል ለኩ

ወደብ ላይ ቆሞ ቀጥ ያለ ጀልባ ላይ የተወሰደ ልክ ያታልላል። በሸራ የሚሄድ ጀልባ 25 ዲግሪ ማጋደሉ ተራ ነገር ነው። ከጀልባው መካከለኛ መስመር 1.2 ሜትር ወደ ጎን የተቀመጠ ዕቃ፣ ጀልባው ወደዚያው ጎን 25 ዲግሪ ሲያጋድል የውሃው ጠለል በእሱ ዘንድ 56 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ቆሞ ሳለ ከውሃው 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ የመሰላችሁ የታንከር ታች አሁን ከውሃው 16 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቀፎው (የጀልባው አካል) ላይ ከውጭ የውሃውን ጠለል ምልክት አድርጉና በውስጥ በኩል ግድግዳው ላይ በቴፕ አስምሩት። ከመካከለኛው መስመር እስከ ታሰበው ቦታ ያለውን ርቀት ለክታችሁ በ0.47 አባዙት፤ የተገኘውን ያህል ከመጀመሪያው ቴፕ በላይ ሁለተኛ ቴፕ ለጥፉ። ከሁለተኛው ቴፕ በታች ያለ ነገር ሁሉ ጀልባው ሲሄድ ውሃ ውስጥ እንዳለ ይቆጠራል።

ክብደቱንም አትርሱ። 100 ሊትር ሙሉ ታንከር ከ100 ኪሎ በላይ ነው፤ አንድ ወፍራም ሰው ሌት ተቀን አንድ ጎን ላይ ተቀምጦ እንደማለት ነው።

4. ከአምስቱ አንዱን ምረጡ

ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት። ከላይ ንጹሕ ውሃ፣ ከታች ተነቃይ ማጠራቀሚያ ያለው ሳጥን ነው። ቀዳዳ የለው፣ ቱቦ የለው። በትንሽ ውሃ ስለሚታጠብ ሁለት ሰው በቀን 7 ሊትር ያህል ይሞላል፤ ባለ20 ሊትሩ ሦስት ቀን ይዘልቃል። ችግሩ ሦስተኛው ቀን ላይ ነው። ከ20 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሳጥን ተሸክሞ ጠባቡን መሰላል ወጥቶ፣ በሚወዛወዝ ጀልባ ጠርዝ ተሻግሮ ወደ መድፊያ መሄድ አለ። ከ8 ሜትር ለሚያንስና ቅዳሜና እሑድ ብቻ ለሚወጣ ጀልባ ግን ሌላውን ሁሉ ያስንቃል። ስትገዙ በማሰሪያ ከወለሉ ጋር የሚጣበቀውን ዓይነት ምረጡ።

ከፍ ያለ ታንከር፣ በራሱ ክብደት የሚወርድ። ቦታው ካለ ምርጫው ይኸው ነው፤ ከዚህ የተሻለ የለም ብንል አላጋነንም። ሽንት ቤቱ ፍሳሹን ወደ ታንከሩ አናት ይገፋል፤ ከታንከሩ ታች ቀጥ ያለ ቧንቧ ወደ ባሕሩ ቫልቭ ይወርዳል። ቫልቩ ሲዘጋ ይጠራቀማል፣ ሕግ በሚፈቅድበት ባሕር ላይ ሲከፈት ይወርዳል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ አቅጣጫ መቀየሪያ ቫልቭ አይፈልግም። ለማሪናው ማሽን ከአናቱ ሌላ ቱቦ ወደ ላይኛው ወለል ይወጣል። የሚፈልገው ቁመት ነው፤ የታንከሩ ታች ቢያንስ ከመጀመሪያው ቴፕ በላይ ይሁን። ከሁለተኛውም በላይ ከሆነ እሰየው፤ ካልሆነ ግን ጀልባው ወደ ታንከሩ ጎን ባጋደለ ጊዜ ቫልቩን አትክፈቱ፤ ባሕሩ ወደ ታንከሩ ይገባልና። ሸራውን ወደ ሌላው ጎን አዙራችሁ ልቀቁ። ከለቀቃችሁ በኋላ ወዲያውኑ ዝጉ።

የዚህ ዓይነቱ ደካማ ጎን ከታንከሩ ታች እስከ ቫልቩ ያለችው አጭር ቧንቧ ናት። ሁሉም ነገር እዚያ ይዘቅጣል፤ ወረቀት ተጋግሮ እንደ ቡሽ ይደፍናታል። መድኃኒቱ ንድፉ ላይ ነው፦ ቧንቧዋ ከ38 ይልቅ 50 ሚሊ ሜትር ትሁን፣ ጎሚቶ (የክርን መታጠፊያ) አይኑርባት፣ የታንከሩ መፈተሻ ክዳን ደግሞ ልክ ከመውጫው ቀዳዳ በላይ ይሁን። ስትደፈን ክዳኑን ከፍቶ በቀጭን እንጨት ቀጥ ብሎ መውጋት ይቻላል።

ዝቅ ያለ ታንከር ከፓምፕ ጋር። አልጋ ሥር ወይም ወለል ሥር የሚገባው ነው። ክብደቱ ዝቅ ስለሚል ለጀልባው ሚዛን ጥሩ ነው፤ ባሕር ላይ ለመልቀቅ ግን ፓምፕ የግድ ይላል። ሁለት ምርጫ አለ። ፈጪው ፓምፕ ፈጣን ነው፤ በ12 ቮልት ከ10 እስከ 16 አምፔር ይጎትታል። ውስጡ ያለው የጎማ ማራገቢያ ግን ደረቅ ሲዞር ይቃጠላል፤ ታንከሩ ባዶ ሆኖ ማብሪያው ተረስቶ ከቀረ አበቃለት። ስለዚህ ማብሪያው ጣት ሲነሣ የሚጠፋ ዓይነት ይሁን። ባለዲያፍራም ፓምፕ (በሚለጠጥ የላስቲክ ሽፋን የሚስበው) ቀስ ይላል፤ ደረቅ መዞርን ግን ይችላል፣ ወረቀትም ያሳልፋል፤ ሲበላሽም የሚለወጡት ላስቲክ ቫልቮቹ ናቸው። ብዙ ጊዜ ባሕር ላይ ለሚቆይ ጀልባ ሁለተኛው ይሻላል። ሽቦውን አታሳንሱ። ባትሪው ከፓምፑ 5 ሜትር ቢርቅ፣ ለ15 አምፔር 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከ12ቱ ቮልት አንዱን መንገድ ላይ ይበላዋል፤ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ የሚጠፋው ከግማሽ ቮልት በታች ነው። ደካማ ቮልት የሚያገኝ ፈጪ ፓምፕ ወረቀት ሲይዝ ይቆማል፣ ይግላል፣ ፊውዝ ይበላል።

ሽንትና ሰገራን የሚለይ ደረቅ ሽንት ቤት። ከፊት ያለው ቀዳዳ ሽንቱን ወደ ዕቃ ይመራል፤ ሰገራው ኋላ ካለው የኮኮናት ቃጫ ብናኝ ጋር ይቀላቀላል። ትንሽ ማራገቢያ ቀን ከሌት አየር ወደ ውጭ ታወጣለች። ውሃ የለም፣ ከውሃ በታች ቀዳዳ የለም፤ ሽታውም ማራገቢያዋ እስከሠራች ድረስ የአፈር ያህል ነው። ሥራው ግን የሽንቱ ዕቃ ላይ ይበዛል፤ አንድ ሰው በቀን 1.5 ሊትር ያህል ስለሚሸና ባለ8 ሊትሩ ዕቃ ለሁለት ሰው ከሁለት ቀን ተኩል አይዘልቅም። ወደብ ውስጥ መድፋት ደግሞ እንደ ሌላው ፍሳሽ ክልክል የሚሆንበት ቦታ ብዙ ነው። «ኮምፖስት» የሚለው ስምም አያሳስታችሁ፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የሚሆነው መድረቅ እንጂ መብላላት አይደለም። የሚወጣው ነገር አሁንም ሰገራ ነውና በጓንት ይያዝ።

ማከሚያ መሣሪያ። በባሕር ውሃ ጨው ላይ ኤሌክትሪክ ሰድዶ ክሎሪን ይሠራል፣ ፍሳሹን ፈጭቶና ገድሎ ይለቃል። ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ጨው በሌለው ሐይቅ ላይ ጨው መጨመር ይፈልጋል፤ በተከለሉ ውሃዎች ውስጥ ደግሞ ዋጋ የለውም። ከታንከር ጋር ካልተጣመረ አይመከርም።

እንደ ከረጢት የሚተጣጠፈውን ታንከር ከአምስቱ ያልቆጠርነው ሆን ብለን ነው። ከግድግዳ ጋር እየተፋተገ ይበሳል፣ ሽታም ያሳልፋል።

5. ታንከሩን መግዛት

ወፍራም ፖሊኢቲሊን ፕላስቲክ ግዙ፤ ግድግዳው ወደ 10 ሚሊ ሜትር የቀረበ ቢሆን ይመረጣል። የውሃ ታንከር ተብሎ የሚሸጠው ስስ ፕላስቲክ የመምጠጫ ማሽኑ ሲስበው እንደ ወረቀት ይጨመደዳል። አይዝጌ ብረት ጠንካራ ይመስላል፤ ሽንትና የባሕር ጨው ግን የብየዳውን መስመር ተከትለው ይበሱታል። አሉሚኒየም ከዚያም ይብሳል።

ቀዳዳዎቹን ከመብሳታችሁ በፊት ቁጠሩ፦ መግቢያ 38 ሚሊ ሜትር ከአናቱ፤ ወደ ላይኛው ወለል የሚወጣ መምጠጫ 38 ሚሊ ሜትር፤ መተንፈሻ፤ የደረጃ መለኪያ፤ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መፈተሻ ክዳን። ከፍ ያለ ታንከር ካልሆነ በቀር ሁሉም ከአናት ቢገቡ ይሻላል፤ መምጠጫው ከአናት ገብቶ በቧንቧ እስከ ታች ይወርዳል፣ ጫፉ ከወለሉ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፣ በሰያፍም ይቆረጣል። ጥቂት ፍሳሽ ታች ይቀራል፤ በምትኩ ማያያዣ ቢላቀቅ እንኳ ታንከሩ አልጋ ሥር አይፈስም። መግቢያውንና መምጠጫውን አታቀራርቡ።

ማሰሪያው ብረት ሳይሆን ሰፊ ጠፍጣፋ ቀበቶ ይሁን፤ ታንከሩም ከሥሩ ሙሉ በሙሉ በጣውላ ይደገፍ። ማዕበል ላይ ጀልባው ሲወድቅ የ100 ኪሎው ጉልበት ብዙ እጥፍ ይሆናል።

6. መተንፈሻው

ሰው ሁሉ የሚያሳንሰው ይህን ነው። ፍሳሽ አየር ሲያጣ ያለ አየር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይረከቡታል፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚያወጡት እነሱ ናቸው። አየር የሚያገኝ ታንከር ውስጥ ሌሎቹ ባክቴሪያዎች ያሸንፋሉ፤ ሽታውም ይለዝባል። ብዙ ጀልባ ላይ የሚገኘው የ16 ሚሊ ሜትር መተንፈሻ ነው። 38 ሚሊ ሜትር ቱቦ ከዚያ ከአምስት እጥፍ በላይ አየር ማሳለፊያ አለው። 38 ካልተመቸ 25 ይሁን፤ አጭር፣ ያለማቋረጥ ወደ ላይ የሚወጣ፣ መሐል ላይ ያልረገበ። የረገበ ቦታ ውሃ ይቋጥርና ቱቦውን ይደፍነዋል። በግራና በቀኝ ሁለት መተንፈሻ መግጠም ከተቻለ ነፋሱ ራሱ ታንከሩን ያናፍሰዋል።

መውጫው ከመስኮትና ሰው ከሚቀመጥበት ይራቅ፤ ከሁለተኛው ቴፕም ከፍ ይበል። የከሰል ማጣሪያ መግጠም የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፤ ከሰሉ ግን አንዴ በፍሳሽ ከራሰ አየር አያሳልፍም፣ ማጣሪያው ቡሽ ሆነ ማለት ነው። መተንፈሻው ከተደፈነ ሁለት አደጋ አለ። ሽንት ቤቱ ሲመታ ግፊት ይጠራቀምና የላይኛውን ክዳን የከፈተ ሰው ፊት ላይ ይረጫል፤ ማሽን ሲመጥ ደግሞ ታንከሩ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ክዳኑን ሁልጊዜ ፊታችሁን አዙራችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ፉጨት ከሰማችሁ መተንፈሻው ተደፍኗል። በተመጠጠ ቁጥር መተንፈሻውን ከውጭ በንጹሕ ውሃ ወደ ውስጥ እጠቡት።

7. ቱቦና ፋሸታ (የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት)

ለፍሳሽ ተብሎ የተሠራ፣ ሽታ የማያሳልፍ ቱቦ ግዙ። ጠመዝማዛ ሽቦ ያለበት ርካሽ ፕላስቲክ ቱቦ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ሽታውን በግድግዳው ያሳልፋል። ረጅምና ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ጠንካራ ፒቪሲ ቧንቧ ከሁሉ ይበልጣል፤ ሽታ አያሳልፍም። ጫፍና ጫፉ ላይ ብቻ አጭር ቱቦ አድርጉ፤ ጀልባ ሲሄድ ይጣመማልና ጠንካራ ቧንቧ ብቻውን ይሰነጠቃል።

ያለው ቱቦ ሽታ ያሳልፋል ወይ የሚለውን ለማወቅ ጨርቅ በሙቅ ውሃ ንከሩ፣ ጨምቃችሁ ቱቦው ላይ ጠቅልሉ፣ እስኪበርድ ተዉት። ከዚያ ጨርቁን ከጀልባው ውጭ ወስዳችሁ አሽትቱ። ከሸተተ ቱቦው አልቋል፤ የሚታጠብ አይደለም፣ ይለወጥ።

ቱቦው ማያያዣው ላይ አልገባ ካለ ጫፉን በሙቅ ውሃ ንከሩና ፈሳሽ ሳሙና ቀቡ። በእሳት አታሙቁ፤ ውስጠኛው ሽፋን ይላቀቃል። ከውሃው ጠለል በታች ባለ ማያያዣ ሁሉ ሁለት ሁለት አይዝጌ ፋሸታ እሰሩ፤ የሁለቱ ቪቴ በተቃራኒ ጎን ይሁን። ቱቦው የትም እንዳይረግብ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ ደግፉት።

8. ጀልባ የሚያሰጥመው ክፍል

የመቀመጫው ሳህን ከውሃው ጠለል ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ቱቦው አንዴ በውሃ ተሞልቶ መሳብ ሲጀምር ባሕሩ ራሱ እየጎተተ ይገባል፤ የተኛ ሰው አይሰማውም። መከላከያው ባለመተንፈሻ ቆልማማ ቧንቧ ነው፤ አናቱ ላይ ያለች ትንሽ ቫልቭ አየር አስገብታ ስበቱን ትቆርጣለች። አናቱ ከሁለተኛው ቴፕ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሁን። ወደ ባሕር በቀጥታ በሚወጣው ቱቦ ላይ አንድ፣ በሚገባው ውሃ ላይ ሌላ ይደረጋል።

በመግቢያው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቦታውን ነው። በእጅ በሚመታ ሽንት ቤት ላይ ቆልማማው የሚገባው በባሕሩ ቫልቭና በፓምፑ መሐል ሳይሆን በፓምፑና በሳህኑ መሐል ነው። ፊተኛው ላይ ከተገባ ፓምፑ በውሃ ፈንታ አየር ይስባል፤ ሰውየው ተናዶ ትንሿን ቫልቭ ይደፍናታል፤ መከላከያውም ስሙ ብቻ ይቀራል። ያቺ ቫልቭ ጨው ስለሚያንቃት በዓመት አንዴ ነቅላችሁ በሞቀ ውሃ እጠቧት። በእያንዳንዱ የባሕር ቫልቭ አጠገብ ልኩ የሆነ የእንጨት ውታፍ በገመድ እሰሩ። ከጀልባው ስትወጡ ሁሉንም ዝጉ።

9. ከገጠማችሁ በኋላ ፈትሹ

ታንከሩን በንጹሕ ውሃ ሙሉ፣ የምግብ ቀለም ጨምሩበት። በእያንዳንዱ ማያያዣ ሥር ደረቅ ነጭ ወረቀት አንጥፉና 24 ሰዓት ተዉት። ወረቀቱ ላይ ትንሽ ቀለም ካያችሁ ፋሸታውን አጥብቁ፣ ጓርኒሲዮኑን (በማያያዣው መሐል ያለውን የማተሚያ ላስቲክ) እዩ። ቀጥሎ በመተንፈሻው እስኪፈስ ሙሉት፤ መፍሰስ ያለበት ከጀልባው ውጭ ነው። በመጨረሻ ሦስት አራተኛ ሞልታችሁ በሸራ ውጡና በሁለቱም ጎን አጋድሉ። ፍሳሽ ከገባበት በኋላ የምታገኙት ስሕተት ለማረም አሥር እጥፍ ያስጠላል።

10. ሲበላሽ

ሳህኑ ውስጥ ውሃ ቀስ እያለ ተመልሶ ከመጣ በፓምፑ መውጫ ላይ ያለው የላስቲክ ከንፈር አልቋል ወይም ድንጋይ ይዞታል። ርካሽ ነው፤ በየዓመቱ ለውጡት፣ ትርፍም ያዙ።

ፓምፑ ቀን በቀን እየከበደ ከሄደ ሽንትና የባሕር ውሃ ተገናኝተው ቱቦው ውስጥ ግራጫ ድንጋይ ሠርተዋል። 38 የነበረው ቀዳዳ ወደ 20 ሚሊ ሜትር ይጠብባል። ገና ሲጀምር በሳምንት አንዴ ማታ አንድ ሊትር ነጭ ኮምጣጤ ሳህኑ ውስጥ አፍስሳችሁ ቱቦው እስኪደርስ ምቱና እዚያው ይደር። የጠጠረውን ኮምጣጤ አይነካውም፤ ቱቦውን ነቅላችሁ ሲሚንቶ ላይ ደጋግማችሁ ግረፉት፣ ድንጋዩ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይሰነጣጠቅና ይራገፋል። ለመፍታት አሲድ ከተጠቀማችሁ በረኪና የነካው ቱቦ ውስጥ በፍጹም አትጨምሩ፤ ሁለቱ ሲገናኙ መርዛማ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ጠዋት የመጀመሪያው ምት ላይ ብቻ የሚሸት ከሆነ ታንከሩን አትክሰሱ። በመግቢያው ቱቦ ውስጥ ባደረው የባሕር ውሃ ያሉት ጥቃቅን ፍጥረታት ሞተው በስብሰው ነው። ከጀልባው ስትወጡ የመጨረሻውን ምት በንጹሕ ውሃ አድርጉ።

ሽታው ቋሚ ከሆነና ጨርቁ ቱቦውን ነጻ ካወጣው ወደ መተንፈሻው ተመለሱ። በረኪና ታንከር ውስጥ መጨመር ጠቃሚ ባክቴሪያዎቹን ይገድላል፣ ላስቲኮቹንም ያደርቃል። ክዳኑን ከፍታችሁ ውስጡን ለማየት ጭንቅላታችሁን አታስገቡ፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲበዛ መጀመሪያ የሚያጠፋው የማሽተት ችሎታን ነውና «ሽታው ጠፋ» ማለት አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም።

በተመጠጠ ቁጥር 10 ሊትር ንጹሕ ውሃ ጨምራችሁ እንደገና አስመጥጡ፤ ሁለት ጊዜ ብትደግሙት ይሻላል። የላይኛው ወለል ላይ ያለው ክዳን «ፍሳሽ» የሚል ጽሑፍ ይኑረው፤ ከመጠጥ ውሃና ከነዳጅ መሙያዎችም ይራቅ። መጀመሪያ የሣላችሁትን የቱቦ መንገድ ደግሞ አሁን እንደተገጠመው አስተካክላችሁ፣ የትኛው ቫልቭ ወደብ ላይ፣ የትኛው ባሕር ላይ እንደሚዘጋ ጽፋችሁበት፣ በፕላስቲክ ሸፍናችሁ የሽንት ቤቱ በር ጀርባ ላይ ለጥፉት፤ እንግዳ ሰው ተቀምጦ የሚያነበው ያንኑ ነው።